3600 ተብሎ የተገዛው ራም

በዚህ ወር ስለ ልጆች ታብሌት ልጽፍላችሁ ተዘጋጅቼ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ከዶሎ ኦዶ የተደወለ አንድ ስልክ ነው። የደወለው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። በዚያ ሰዓት ከሩቅ አገር ስልክ ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይደነግጣልና ባለቤቴ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች።

"ጋሼ፣ ተሸወድኩ" አለኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ። "3600 ነው ብሎ የሸጠልኝ ራም 2133 ሆኖ ተገኘ።"

ባለቤቴ የሰማችው ቁጥሩን ብቻ ነበርና "ስንት ብር ነው የተበላው?" ብላ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። የብር ጉዳይ አለመሆኑን ስነግራት ተንፍሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለእሱ ግን ነገሩ ከብርም በላይ ሆኖበት ነበር።

ልጁ (እኔ ልጁ እላለሁ እንጂ ሠላሳን ተሻግሯል) ዶሎ ኦዶ ከገባ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ከተማዋ ያለችው የገናሌና የዳዋ ወንዞች ተገናኝተው ጁባ በሚሆኑበት፣ አገራችን ከሶማሊያና ከኬንያ በምትዋሰንበት ጥግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶማሊያ ረሀብ በገባ ጊዜ ስሟ በዓለም ዜና ሲነሳ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያኔ ድንበር አቋርጠው የመጡ ሰዎች የሰፈሩባቸው መጠለያዎች ዛሬም በዙሪያዋ አሉ። እሱም የሄደው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። በዕረፍት ቀኑ ግን ሠርግ ይቀርጻል። አንዱ ለአንዱ እየጠቆመው ሥራው በዛና፣ ለዓመት ፈቃድ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ያጠራቀመውን አውጥቶ ለቪዲዮ ማቀነባበሪያ የሚሆን ዴስክቶፕ አስገጣጠመ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ማዘርቦርዱ አራት የራም ማስገቢያ ያለው፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ነው። በሁለቱም ራሞች ላይ 3600 የሚል ቁጥር በጉልህ ተጽፏል። ኬዙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በሻሸመኔና በነገሌ ቦረና በኩል በአውቶቡስ ይዞት ወረደ።

ራም ማለት፣ ለማታውቁት፣ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት እየሠራበት ያለውን ነገር ሁሉ ዘርግቶ የሚይዝበት ክፍል ነው። ፎቶ ስትከፍቱ፣ ቪዲዮ ስትቆርጡ፣ ፋይል ከካሜራ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ እንኳ መረጃው በራም ውስጥ ያልፋል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ልጁ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የራሙን ፍጥነት ሲያይ 2133 ይላል። ወዲያው ለሻጩ ደውሎ "የ3600 ገንዘብ ወስደህ የ2133 ዕቃ ሰጠኸኝ" ብሎ ልክ ልኩን ነግሮታል። ሰውየውም አልተመለሰለትም። ሁለቱም ስልኩን ጆሮ ላይ ዘጉ። ለእኔ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

"መጀመሪያ ለእኔ ብትደውል ምን ነበረበት?" አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራም መለኪያ የሚያወጣው ጄዴክ የሚባል ዓለም አቀፍ የኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። የዲዲአር4ን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ የተለመዱት የፍጥነት እርከኖች 2133፣ 2400፣ 2666፣ 2933 እና 3200 ሆኑ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉም 1.2 ቮልት። እስቲ 3600ን ፈልጉት። የለም። 3600 ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር4 ሁሉ ከመደበኛው በላይ እንዲሮጥ ፋብሪካው ሞክሮ ያሳለፈው፣ በእኛ ቋንቋ ኦቨርክሎክ የተደረገ ራም ነው። እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይጠይቃል።

ፋብሪካው ታዲያ በራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት መመሪያ ጽፎ ይልካል። አንዱ ማንኛውም ማዘርቦርድ ሊቀበለው የሚችል ጥንቁቅ መመሪያ ነው። ሌላው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያመጣው ኤክስኤምፒ የሚባል የፈጣኑ ፍጥነት መመሪያ ነው። ኮምፒውተሩ ካልታዘዘ በቀር ሁልጊዜ የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ አዲስ ራም ገዝታችሁ ከተጻፈበት ያነሰ ቁጥር ብታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው ነገር ማንም ፈጣኑን መመሪያ አለማብራቱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ መግባት፣ ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት ነው። ስሙ እንደ ማዘርቦርዱ ይለያያል፤ አሱስ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሠራቸው ላይ ዲኦሲፒ፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤ-ኤክስኤምፒ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ልጁም በስልክ እየመራሁት አበራው። ስክሪኑ ጨለመ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ጠፋ፣ ተነሳ፣ ጠፋ። "ጋሼ፣ አቃጠልከኝ!" የሚል ድምፅ መጣ። "ታገስ፣ አትንካው" አልኩት። ማዘርቦርድ አዲስ ፍጥነት ሲሰጠው ከራሙ ጋር ለመግባባት ይሞክራል፤ ካልሆነለት አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ፈጅቶ ተነሳ። 3600። ልጁ በደስታ ጮኸ።

ማግስቱን ደግሞ ደወለ። ሲፒዩ-ዚ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዶ ሲያይ 1800 ትላለች። "ግማሹን ሰርቀውኛል" አለ። ሳቄ መጣ። የዲዲአር የመጀመሪያ ፊደል ድርብ ማለት ነው፤ ራሙ በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ይልካል። ሲፒዩ-ዚ ምቱን ትቆጥራለች፣ ሻጮች መረጃው የሚላክበትን ጊዜ ይቆጥራሉ። 1800 ሲደረብ 3600 ነው። በዚህች ምክንያት ብቻ ከሻጭ ጋር የተጣሉ ሰዎች ስንት ናቸው መሰላችሁ! እኔ ራሴ አንድ ሁለቱን አስታርቄያለሁ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ኖሮ ወደ ታብሌቴ እመለስ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። የአንድ የሥራ ባልደረባውን ሠርግ ቀርጾ ነበር። በሠርጉ ላይ ከወንዙ ማዶ የመጡ፣ የሙሽራይቱ እናት አባት የሆኑ ትልቅ ሽማግሌ ረዘም ያለ ምርቃት አድርገዋል። ልጁ ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ፣ ሌላ ሥራ ስለነበረው አንዱን ካርድ አጸዳው። ማቀነባበር ሲጀምር ቪዲዮው መሀል ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይጠፋል። አንዱ ፋይል ጭራሽ አልከፈት አለ። እሱም ሽማግሌው ያሉበት ነው። ኮምፒውተሩም በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ወድቋል፤ እሱ ግን "መብራት ተቆራርጦ ይሆናል" ብሎ አልፎታል። ጄኔሬተር ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ግምት አያስወቅስም።

እኔ ግን ራሴን ወቅሻለሁ። ኤክስኤምፒን እንዲያበራ አስተምሬው፣ ካበራ በኋላ እንዲፈትሽ አልነገርኩትም። ኮምፒውተር በአዲሱ ፍጥነት ተነሳ ማለት በዚያ ፍጥነት ሳይሳሳት ይሠራል ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ አንዲት ቁጥር የምትሳሳት ራም ዊንዶውስን ታስነሳለች፣ ፌስቡክ ታሳያለች፣ ዘፈን ታጫውታለች። ፋይል ስትገለብጡባት ግን የተሳሳተችውን ቁጥር እዚያው ፋይል ውስጥ ጽፋ ታስቀምጠዋለች። ዊንዶውስም "ተጠናቋል" ይላችኋል። ቀስ ያለ ኮምፒውተር ቢበዛ ያናድዳል እንጂ የቤተሰብ ፎቶ አያበላሽም።

ፍተሻው ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። ሜምቴስት86 የሚባል ፕሮግራም አለ። ነፃው ቅጂ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል፣ ከዚያ ዊንዶውስ ሳይገባ ራሙን ከዳር እስከ ዳር እየጻፈና እያነበበ አራት ዙር ይፈትሻል። ሰዓታት ይፈጃል። አንድ ስህተት እንኳ ቢገኝ በቀይ ይጽፈዋል፤ እዚህ ላይ "አንድ ብቻ ነው" የሚባል ነገር የለም። የሚፈለገው ዜሮ ነው።

ልጁ ማታ አስነስቶት ተኛ። ጠዋት ላይ ዜሮ። "ራሙ ደህና ነው" አለኝ። እኔም ላምነው ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ፋይሎቹ የተበላሹት ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። "እስቲ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አስነሳው" አልኩት። ገና ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

ለምን? ራም ውስጥ እያንዳንዷ የመረጃ ነጥብ በጣም ጥቃቅን በሆነች የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትቀመጣለች። ማጠራቀሚያዋ ታፈሳለች፤ ልክ ከሥሩ እንደተበሳ ጄሪካን። ስለዚህ በ64 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል፣ እንደገና መሞላት አለባት። ሙቀት ሲጨምር ማፍሰሷ ይብሳል። በመደበኛው ደንብ ራሙ ራሱ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ የመሙያው ድግግሞሽ በእጥፍ እንዲሆን የታዘዘው ለዚህ ነው። ዶሎ ኦዶ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የክፍሉ አየር ብቻውን 38 ዲግሪ ገብቶ ነበር። ኬዙ ውስጥ ያለውን እናንተው ገምቱት። አዲስ አበባ ላይ በሻጩ ሱቅ ውስጥ 3600ን ያለፈ ራም እዚያ ወድቆ ቢገኝ ምን ይገርማል?

ሙቀትን ብቻ ግን መውቀስ አልወድም። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች የጉግልን ኮምፒውተሮች ከሁለት ዓመት በላይ ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በየዓመቱ ከራሞቹ ከ8 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ስህተት አሳይተዋል። የሙቀት ተፅዕኖ ደግሞ ከተጠበቀው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ግን በመደበኛ ፍጥነታቸው የሚሠሩ፣ ስህተታቸውንም ራሳቸው የሚያርሙ የሰርቨር ራሞች ናቸው። የእኛ ልጅ ራም የሚሮጠው ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፍ ላይ ላለ ነገር ትንሽ ሙቀትም ትበቃዋለች። ታዲያ ወደ ጫፉ ማን ገፋው? ሌላ ምክንያት መኖር አለበት ብዬ ኬዙን እንዲከፍትና ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክልኝ ነገርኩት።

ፎቶውን አይቼ ዝም አልኩ። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ ከፕሮሰሰሩ ስንቆጥር አንደኛውና ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ተሰክተዋል።

"እንዲህ አድርጎ የሰጠህ ሻጩ ነው?"

ትንሽ ቆየ። "የለም… እኔ ነኝ" አለ። ለካ ከመንገድ እንደገባ ኬዙ አቧራ ለብሶ ስላገኘው ከፍቶ አራግፎታል፣ ራሞቹን ነቅሎ ጠርጓቸዋል፣ ሲመልሳቸው ደግሞ "አጠገብ ለአጠገብ ያምርባቸዋል" ብሎ አስቀምጧቸዋል። እኛ ቤት ባለቤቴ ብርጭቆ የምትደረድረው እንደዚያ ነው፤ የወንድምና የእህት ነገር።

አራት ማስገቢያ ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ አንደኛውና ሁለተኛው የአንድ መስመር፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሌላ መስመር ናቸው። ሁለት ራም ያለው ሰው ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው፤ ያኔ እያንዳንዱ ራም የራሱን መስመር ይዞ ሁለቱም አንድ ላይ ይጭናሉ። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን በአንድ መስመር ላይ ይጋፋሉ፣ በዚያ ላይ ያ መስመር ለከፍተኛ ፍጥነት አስቸጋሪ ይሆናል። ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ3600 የሚሮጥ ራም በአንድ መስመር ላይ በሰከንድ ቢበዛ 28.8 ጊጋ ባይት ያመላልሳል። በ2133 የሚያዘግም ራም ደግሞ 17 ጊጋ ባይት ያህል። ሁለት መስመር ሲሆን ግን 34 ይሞላል። ማለትም ልጁ ሻጩን የሰደበበት 2133፣ ራሞቹ በየቦታቸው ቢቀመጡ ኖሮ፣ በዋሽንት የተቀበለውን 3600 ይበልጠው ነበር። የእሱ ፕሮሰሰር ደግሞ የስክሪኑን ሥራ ጭምር በዚያው ራም የሚሠራ ነውና የመስመሩ ጉዳይ ከማንም በላይ እሱን ይመለከተዋል።

ራሞቹን ወደ ሁለተኛውና አራተኛው አዛወርናቸው። ስትነቅሉና ስትሰኩ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ እጃችሁን የኬዙን ብረት አስነኩ፤ ሲገባ "ቀጭ" እስኪል ተጫኑት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ፈተሸ። በመቶ የሚቆጠሩት ስህተቶች ወደ አራት ወረዱ። ዜሮ ግን አልሆኑም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ቮልቴጅ መጨመር ነው። ልጁም ቪዲዮ አይቶ "1.45 እናድርገው" አለኝ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለሚጫወት ሰው ይሆናል። ያንን ያህል ሙቀት ባለበት ቤት ውስጥ ተጨማሪ ሙቀት መጨመር ግን ለእኔ አልታየኝም። ሌላው የተለመደ ምክር ባዮሱን ማዘመን ነው። ይህ በእርግጥ ይረዳል፤ አዳዲስ የባዮስ ቅጂዎች ከራም ጋር ያለውን መግባባት ብዙ ጊዜ ያሻሽላሉ። ነገር ግን ባዮስ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል። ደህና ባትሪ ያለው ዩፒኤስ እስኪያገኝ ድረስ እንዳይነካው በእህቱ አስምዬዋለሁ።

ከዚያ ይልቅ ራሞቹን አንድ በአንድ እንዲፈትሽ ነገርኩት። አንዱን ብቻ ሰክቶ በ3600፣ ከሰዓት በኋላ፦ ዜሮ። ሌላውን ብቻ ሰክቶ፦ ዜሮ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ይሳሳታሉ። ከጀርባቸው ያለውን ጽሑፍ አቅርቦ ፎቶ እንዲያነሳ አደረግኩት። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ 3600። ከታች በደቃቁ የተጻፈው ግን ይለያያል፤ አንደኛው 18፣ ሌላው 19 ይላል። ይህ ቁጥር ራሙ ታዝዞ መልስ እስኪሰጥ የሚፈጅበት የምት ብዛት ነው። በሌላ አነጋገር ሁለቱ ራሞች ለየብቻ የተሸጡ እንጂ ፋብሪካው አንድ ላይ ፈትሾ በአንድ ካርቶን ያሸጋቸው መንትዮች አይደሉም። ሻጩ አልዋሸም፤ ሁለቱም 3600 ናቸው። አንድ ላይ 3600 ይሆናሉ ብሎ ቃል የሰጠ ግን ፋብሪካም ሆነ ሱቅ የለም።

ስለዚህ አንድ እርከን ወረድን። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒው እንደበራ ሆኖ ፍጥነቱን ብቻ ከ3600 ወደ 3200 በእጅ መቀየር ይቻላል፤ ቮልቴጁ በ1.35 ይቆያል። 3200 ለዚያ ፕሮሰሰር ኤኤምዲ ራሱ በይፋ የሚፈቅደው የመጨረሻ ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ "ዕድልህን ሞክር" ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው 38 ዲግሪ፣ አራት ዙር፦ ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። ለማረጋገጥ ሦስተኛ ቀን አስደገምኩት፤ ተማሮብኛል መሰለኝ "ጋሼ ዜሮ ነው በቃ" የሚል አጭር ጽሑፍ ብቻ ላከልኝ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሲያወጣ ከ3600ው ጋር ያለውን ልዩነት በሰዓት እንዲለካ ጠይቄው ነበር። ልዩነት ካለም አላየሁትም አለ።

የእናንተ ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላልና ጥቂት ልጨምር። ኢንቴል ከሆነ ማዘርቦርዱ ራሱ ገደብ ሊያኖር ይችላል። ለምሳሌ አሥረኛው ትውልድ ኮር አይ5-10400 ኤች410 ወይም ቢ460 ማዘርቦርድ ላይ ከተገጠመ ራሙ ከ2666 አያልፍም፤ የ3600 ራም ብትገዙለት ትርፉን ለጌጥ ነው የምትከፍሉት። ቢ560 ከመጣ ወዲህ ነው ኢንቴል በመካከለኛ ዋጋ ማዘርቦርዶቹ ላይ ይህን በር የከፈተው። ከውጭ ተጠቅመውባቸው የሚመጡት የቢሮ ዴስክቶፖች ደግሞ አብዛኞቹ ባዮሳቸው ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባል ምርጫ ጭራሽ የላቸውም፤ ላፕቶፖችም በብዛት እንደዚያው ናቸው። ለእነዚህ በመደበኛው እርከን የሚሠራ ራም መግዛት ይበቃል። አዲሱን ዲዲአር5 የገዛችሁና አራቱንም ማስገቢያ ልትሞሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ቆም በሉ፤ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ኤኤምዲ በይፋ የሚፈቅደው ለሁለት ራም 5200 ሲሆን ለአራት ራም 3600 ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ መግዛት ከአራት ትንንሽ ይሻላል። ስትገዙም "ኪት" ብላችሁ በአንድ ካርቶን የታሸገውን ጠይቁ። በኋላ ሁለተኛ ራም እጨምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ያኔ የሚያገኘው መንታውን ሳይሆን የአጎት ልጁን ነው።

ፍጥነት ሞክራችሁ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ ካለም አትደንግጡ። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባል ሳንቲም የምታክል ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት፤ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ጥንቁቅ መመሪያ ይመለሳል። የካሜራ ካርድን በተመለከተ የምለው አንድ ነው፤ የገለበጣችሁትን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሳታዩ ካርዱን አታጽዱ። ልጁ አሁን ካርዶቹን ሠርጉ ለባለቤቶቹ ተሰጥቶ እስኪያልቅ በፖስታ አሽጎ ያስቀምጣል።

ለሻጩም ደውሏል። ደውል ያለችው እኔ ሳልሆን እህቱ ናት፤ "በሰው ሱቅ ላይ እንዲህ ተብሎ አይጮህም" ብላ በእኔው ስልክ ተቆጣችው። "እሺ እትዬ" አለ። ሰውየው መጀመሪያ ስሙን ሲሰማ ሊዘጋው ነበር አሉ። በኋላ ግን ሲወጣ ሲወርድ፣ ለሚቀጥለው ፈቃድ ሁለቱን ራሞች አምጥቶ ትንሽ ጨምሮ በኪት ሊቀይርለት ተስማምተዋል። ልጁ ይቀይር አይቀይር አላውቅም። እኔ ብሆን በ3200 እቀመጣለሁ።

የሽማግሌው ምርቃት ያለበትን ፋይል ለማዳን አንድ ሳምንት ታገልን። የጸዳውን ካርድ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም መረመርነው፤ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበት ነበርና ከሥሩ የተገኘው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። የተበላሸው ፋይል ውስጥ ምስሉ መሀል ላይ ይቆማል። ልጁ ለባልደረባው ሄዶ እውነቱን ነገረው፤ ክፍያውንም ልመልስ አለ። ሰውየው ገንዘቡን አልተቀበለም። ይልቅ ቤተሰቡን ሁሉ ሲያጠያይቅ፣ አንዲት የሙሽራይቱ የአክስት ልጅ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ በስልኳ የቀረጸችው ተገኘ። ስልኳን ቁም አድርጋ ይዛው ኖሮ ሽማግሌው ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው የሚታዩት፤ ፊት ለፊታቸው የአንድ ሰው ጥምጥም ይመላለሳል፣ አንድ ሕፃንም ያለቅሳል። ድምፃቸው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። ልጁ እሱን ከራሱ ምስል ጋር አገጣጥሞ ባለፈው ሳምንት አስረክቧል።